ዛሬማ ወዝ አለህ

ወይዘሮ ለተማርያም ታመው መተኛታቸውን የሰማሁት ሸዋ በር ገበያ ሽንኩርት ስመርጥ ነው። የነገረኝ ጎረቤቴ አባይነህ «እንግዲህ ለእሳቸው ማን ሊዋሽላቸው ነው?» ብሎ ሳቀ።

በሽተኛ ባለበት ሁሉ ከሐኪም ቀድማ የምትደርስ ሴት የሌለችበት ሰፈር የለም። የእኛዋ ክብርት ወይዘሮ ለተማርያም፣ የሕሙማን ሁሉ እመቤት ናቸው። በሽተኛውን ገና ሳያዩት ከደጅ ጀምረው «ውይ፣ ዛሬማ ወዝ አለህ!» ይላሉ። እግሩ የተሰበረውን ሽፈራውን «ለጥምቀት ትጨፍራለህ» ብለውታል። አንድ ቀን ቤት ተሳስተው ጤነኛውን አባይነህን ከቀትር እንቅልፉ ቀስቅሰው «አይዞህ፣ ተሽሎሃል» ቢሉት፣ ሰውዬው ደንግጦ ሁለት ቀን ከአልጋ አልወረደም።

ባለቤቴ ጽጌሬዳ በ1953 ጥቅምት ስትተኛ በየቀኑ መጡ። ሐኪሙ እንደማትተርፍ ነግሮኝ ነበር። እሳቸው ግን «ለታኅሣሥ ገብርኤል ቁልቢ አብረን እንሄዳለን፤ ጥላ ተሳዪ» አሏት። ስለት የሚገባው ከዳኑ በኋላ ነው። ወይዘሮ ለተማርያም ያን መች ሊጠብቁ! ቀይ ከፈይ ከዐብዱልወሃብ ሱቅ አመጡ። እሱም «አላህ ያሽራት» ብሎ ግማሽ ክንድ መረቀላቸው።

ደጅ ላይ ያዝኳቸው።

«እትዬ፣ ለምን ይዋሿታል? እውነቱን ማወቅ የለባትም?»

«እውነቱን አንተ ያዝልን። ለአንድ ቤት አንድ ሰው ይበቃል።»

ተቆጣሁ። ጽጌሬዳ ግን ከፈዩን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ የጥላውን ዘርፍ እየሰፋች፣ በየትኛው የጭነት መኪና እንደሚሳፈሩ፣ ስንቁ ምን እንደሚሆን ከእሳቸው ጋር እየተከራከረች ኅዳርን አሳለፈች። ስትስቅ ከጓዳ ይሰማኛል። ለገብርኤል አራት ቀን፣ ለዘርፉ ደግሞ አንድ ስንዝር ሲቀረው አረፈች።

ወይዘሮ ለተማርያምን ዳግም ላላናግር ምዬ ነበር። ውሎ አድሮ ሳስበው ግን፣ ያን ወር እቤታችን ውስጥ ስፈራ የከረምኩት እኔ ብቻ ነበርኩ።

ሽንኩርቱን እንደያዝኩ ቤታቸው ሄድኩ።

«ውይ፣ ዛሬማ ወዝ አለዎት!» አልኩ፣ ከደጅ ጀምሬ።

«ውሸታም! ሳታየኝ?» አሉ ከውስጥ፣ በቀጠነ ድምፅ። «ግባና ድገመው።»

ገብቼ ደገምኩት። ሳቁ።

«የጽጌሬዳን ጥላ ዘንድሮ ቁልቢ ይዘነው እንሄዳለን። አለቀ?»

«አልቋል፣ እትዬ።»

ፈገግ ብለው ዐይናቸውን ከደኑ።

የጥላው ዘርፍ አሁንም አንድ ስንዝር ይቀረዋል።