ከኋላችን ማንም አልነበረም

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ጀልባ ቀዛፊ ጀርባውን ለመድረሻው ሰጥቶ እንደሚቀዝፍ ታውቁ ነበር? እኔ የሰማሁት ፌርፋክስ ከተማ፣ የእሁድ ምሳ ላይ ነው። ጋሽ ታደሰና ጋሽ መኮንን በዕድሜያቸው አንዴ ብቻ፣ የአማተሮች ውድድር ላይ አብረው ቀዝፈዋል፤ ወሬው ግን እሁድ በመጣ ቁጥር ነው። ያን ቀን ጋሽ ታደሰ የሥራ ሺፍት ደርሶባቸው ከጀልባው እንደወረዱ ወደ ኤርፖርት በረሩ፤ ውጤቱን ሰምተው የነገሯቸው ጋሽ መኮንን ናቸው።

«ሬሱን ሊድ አድርገን፣ አንደኛ ሆነን ጨረስን!» አሉ ጋሽ ታደሰ።

«ከኋላ ስንት ጀልባ ይታይዎት ነበር?» አልኳቸው።

«አንድም! ባዶ ውሃ! ሶ፣ ምን ያህል ጥለናቸው እንደሄድን አስበው!»

አሰብኩት። ወደ ኋላ እያየ የሚቀዝፍ ሰው አንድም ጀልባ ካልታየው፣ ሌሎቹ የት ናቸው? ልጠይቅ አፌን ስከፍት፣ ጋሽ መኮንን ከጠረጴዛው ስር እግሬን ረገጡኝ።

«ብላ እንጂ» አሉኝ፤ «ይቀዘቅዝብሃል።»