እትዬ ጨለማ እና የምሳችን ፍሪጅ

ሐሙስ ጠዋት፣ አቤቱታችንን ይዤ ወደ አለቃው ቢሮ ስወጣ፣ ደረጃው ላይ ከራሳቸው ከተከሳሿ ከእትዬ ጨለማ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠምን። ጥቁር መጋረጃ ታቅፈዋል። ከካፖርታቸው ኪስ የፍሪጅ መሰኪያ ከነቁራጭ ገመዱ ብቅ ብሏል። የማን ፍሪጅ እንደሆነ ጠንቋይ መጠየቅ አላስፈለገኝም።

መሥሪያ ቤት ሁሉ የራሱ እንቢ ባይ አለው። እሱ ባይኖር ሥራው ይፈጥን ነበር፤ ውሸቱም እንዲሁ። የኛዋ ክብርት እንቢ ባይ ነርቭ የሚያጠኑት እትዬ ጨለማ ናቸው። ስሙ የወጣላቸው ከጨለማ ክፍላቸው "ዝጋው" እያሉ ሰው ስለሚያባርሩ ነው። አንድ ቀን አለቃችን የሚያበራ ሰዓት አድርገው ቢገቡ "እጅህን ኪስህ ክተት" ተባሉ። ከተቱ።

ሌላው ባለሙያ በነርቭ ሴል የሚያልፈውን ኤሌክትሪክ የሚለካው ቀጭን መርፌ ሰክቶ ነው። እሳቸው ሴሉን ልዩ ቀለም ያጠጡታል፤ ኤሌክትሪክ ባለፈ ቁጥር ቀለሙ ብልጭ ይላል፣ ፈጣን ካሜራ ይቀዳዋል። "በር ሰብሮ የገባ እንግዳ የቤቱን ጠባይ አያውቅም፤ እኔ በመስኮት ነው የማየው" ይላሉ። ታዲያ ምን አዩ ላላቸው ሁሉ ሁለት ዓመት ሙሉ መልሳቸው "ዝጋው" ነበር።

በመጨረሻ አለቃው ቁርጡን ነገሯቸው፤ እስከ አርብ አንዲት እውነተኛ ብልጭታ ካላሳዩ ክፍሉ የአሮጌ ወንበር ማከማቻ ይሆናል። ሰኞ ዕለት ስክሪኑ ላይ ሞገድ መጣ፤ እንደ ሰልፈኛ እርምጃ የተስተካከለ። አጨበጨብን። አለቃው ክፍሉ እንዲቆይ ሊፈርሙ እስክሪብቶ አወጡ። እትዬ ጨለማ ብቻ ግንባራቸውን ቋጠሩ።

"ነርቭ እንዲህ ጨዋ አይደለም" አሉና ግድግዳውን ዳሰሱ።

ከግድግዳው ማዶ የምሳ ፍሪጃችን ይንቀጠቀጣል፤ ጠረጴዛቸውንም ካሜራቸውንም አብሮ ያንቀጠቅጣል። ለካ ያጨበጨብነው ለፍሪጅ ነው። እስክሪብቶው ወደ ኪስ ተመለሰ።

ከዚያ ፍሪጁን ነቀሉት። ሰካነው። ነቀሉት። በሦስተኛው መሰኪያውን ቆርጠው ወሰዱት። ምሳችን ኮመጠጠ፤ አሥራ አንድ ሆነን "ወይ ፍሪጁ ወይ እሳቸው" ብለን ፈረምን።

ደረጃው ላይ ልወቅሳቸው አፌን ስከፍት እጄን ይዘው ወደ ክፍላቸው ጎተቱኝ። ስልኬን ውጭ አስተዉኝ። ስክሪኑ ላይ ሁለት መስመር አለ፤ ለተጠራጣሪ ብለው እዚያው ሴል ላይ መርፌም ሰክተዋል፤ ላይኛው የመርፌው፣ ታችኛው የብርሃኑ። ብዙ ጠበቅን። ምንም። እግሬ ሲደነዝዝ ሁለቱም መስመሮች እኩል ሽቅብ ዘለሉ፤ አንዴ ብቻ፣ ጎርበጥ ብለው። ፍሪጁ ተነቅሎ እያለ የመጣ፣ የነርቩ የራሱ ብልጭታ ነበር።

"እኔም ፈርሜያለሁ" አልኳቸው።

"አውቃለሁ። ሦስተኛው ነህ።"

አቤቱታውን አጣጥፌ ኪሴ ከተትኩት። ነገ አለቃው የፍሪጁን መሰኪያ ይመልሱ ቢሉዎትስ ብዬ ስጠይቃቸው ዓይናቸውን ከስክሪኑ አላነሱም።

"ምሳውን በልቶ እንዲመጣ ንገረው" አሉኝ። "አሁን ውጣና ዝጋው።"