የማሞቂያው መሐል

[ዛሬም እርጥብ ቆዳ በጋለ ብረት ላይ ሲደርቅ በሸተተኝ ቁጥር ልቤ ወደ ቬርክኒ ሎግ ይመለሳል፤ በኡራል ተራሮች ሥር ወዳለችው ከተማችን፣ የበረዶ ሆኪ ቡድናችን ልብስ ወደሚቀይርባት ጠባብ ክፍል። እኔ ተከላካይ ነበርኩ። ያን ቀን ጥግ ይዤ የጫማዬን ማሰሪያ ስቋጥር፣ ሁለቱ በረኞቻችን ማሞቂያው ፊት ቆመው ይጨቃጨቁ ነበር። ሳቬሊ ኩዝሚች አንደኛው በረኛ ነው፤ ዕድሜው ገፍቷል፣ አላውቅም የሚለው ነገር የለም። ግሌብ ተጠባባቂው ነው፤ ሱፍ ይፈለፍላል፣ ነገር እስኪገባው ይቆያል።]

ሳቬሊ፦ አንሣ! ይህን ጓንት ከመሐል አንሣ ብያለሁ!

ግሌብ፦ ዳር ላይ አይደርቅማ፣ ሳቬሊ ኩዝሚች።

ሳቬሊ፦ የማሞቂያው መሐል የአንደኛ በረኛ ነው። አዳራሹ ከተሠራ ጀምሮ ያለ ሕግ ነው! ለመሆኑ አንተ ተቀምጠህ ውለህ ጓንትህ በምን ረጠበ?

ግሌብ፦ እርስዎ ላይ ግብ ሲገባ እኔን ላብ ያጠምቀኛል።

ሳቬሊ፦ ግድ የለም፣ ይድረቅልህ። [የራሱን ጓንት ዳር ላይ ያሰጣል።] ከዛሬ ጀምሮ መሐሉ ያንተ ነው።

ግሌብ፦ ምነው? ታመሙ እንዴ?

ሳቬሊ፦ አልሰማህም? ከተማው ሁሉ ያውቃል! አሠልጣኛችን በስልክ «በረኛችንን ውሰዱት፣ ቅዳሜ መኪና ላኩ» ሲል ከበሩ ኋላ ቆሜ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። የሞስኮው ትልቁ ክለብ ነው፣ ግሌብ! ቅዳሜ ደግሞ ዛሬ ነው።

ግሌብ፦ [ሱፉ ትን ይለዋል] «በረኛችንን» ብቻ ነው ያሉት?

ሳቬሊ፦ ሌላ ምን ይበሉ? ቡድኑ ስንት በረኛ አለው?

ግሌብ፦ ሁለት።

ሳቬሊ፦ አንድ! አንድ በረኛና አንድ ወንበር አሟቂ።

ግሌብ፦ [ቀስ ብሎ] እና... ቢቀርብዎ በጣም ያዝናሉ?

ሳቬሊ፦ ዘንድሮ ካልሄድኩ መቼ ልሄድ ነው? ደረጃ ስወጣ ጉልበቴ እንደ አሮጌ በር ሲጢጥ ሲል አትሰማም? ግን አይቀርም። ይልቅ አንተ ተማር። የበረኛ መንገድ እንዲህ ነው። ልጅ ሳለህ፣ ወፍራም ነህ፣ መንሸራተትም አትችልም ብለው ግብ ውስጥ ያቆሙሃል።

ግሌብ፦ እኔንም እንደዚያው ነው ያደረጉኝ።

ሳቬሊ፦ ከዚያ ስፖርት ትምህርት ቤት ገብተህ ጥርስህን ታስረግፋለህ። ከዚያ ወንበር ላይ ትቀመጣለህ። ትቀመጣለህ። ትቀመጣለህ...

ግሌብ፦ እዚህ ጋ ደርሻለሁ። ከዚያስ?

ሳቬሊ፦ ከዚያ አንድ ቀን ሞስኮ ትጠራሃለች።

ግሌብ፦ ሲጠሩት ሰው ምን ይዞ ይሄዳል?

ሳቬሊ፦ ትራስ! የሰው አገር ትራስ አንገት ያጣምማል። አንገቱ የተጣመመ በረኛ ደግሞ ያቺን በዱላ የሚመቷትን ጥቁር ላስቲክ የሚያያት መረቡ ውስጥ ከገባች በኋላ ነው።

ግሌብ፦ ይዣ... ይያዛል፣ እሺ።

ሳቬሊ፦ ደግሞ ከመንገድ በፊት ሻንጣ ላይ ቁጭ ተብሎ ዝም ይባላል። ስትነሣ ዞረህ አታይም፣ ደህና ሁኑም አትልም። ካልክ ዕድልህን እዚሁ ጥለኸው ትሄዳለህ። በል ተቀመጥና ሸኘኝ።

[ሳቬሊ ሻንጣው ላይ፣ ግሌብም ከጎኑ ይቀመጣሉ። ዝም ይላሉ። ሳቬሊ በአንድ ዓይኑ ያያል።]

ሳቬሊ፦ አንተ፣ ምን ላይ ነው የተቀመጥከው?

ግሌብ፦ ሻንጣ ላይ።

ሳቬሊ፦ የምን ሻንጣ?

ግሌብ፦ ዝም ይባላል ብለዋል።

[ከውጭ የመኪና ጥሩምባ ይሰማል። ሹፌሩ በሩን ከፍቶ አንገቱን ያስገባል።]

ሹፌሩ፦ ፓንክራቶቭ የቱ ነው?

ሳቬሊ፦ [ኮቱን እያስተካከለ ይነሣል] ተሳስተሃል፣ ወንድሜ። ሳቬሊ ኩዝሚች ዶልጊክ በል።

ሹፌሩ፦ «ግሌብ ፓንክራቶቭ፣ ሱፍ የሚበላው» ነው የተባልኩት። ቶሎ በሉ፣ ሞተሩ ይቀዘቅዝብኛል። [ይወጣል።]

[ሳቬሊ ወደ ግሌብ ዞሮ ሻንጣውን በጣቱ ያመለክታል።]

ሳቬሊ፦ ታውቅ ነበር?

ግሌብ፦ ከሰኞ ጀምሮ።

ሳቬሊ፦ እና እንዲህ ስቀባጥር ዝም ብለህ ታየኛለህ!

ግሌብ፦ እርስዎ አይደሉ ያስተማሩኝ? «ጉዞህ እስኪጀመር ለማንም አታውራ፤ ካወራህ ይቀርብሃል» አላሉኝም? እኔ ለእናቴም አልነገርኩ።

ሳቬሊ፦ [የራሱ ሻንጣ ላይ ዘጭ ይላል] እኔ እኮ ለዳቦ ሻጯ ሳይቀር ነግሬያለሁ!

ግሌብ፦ [አስቦ፣ አስቦ] እንግዲያ ለዚህ ነዋ የቀረብዎት።

[ሳቬሊ መጀመሪያ ይቆጣል፣ ከዚያ ሆዱን ይዞ ይስቃል፤ ዓይኑን በእጅጌው ይጠርጋል።]

ሳቬሊ፦ ትራሱ ለስላሳ ነው?

ግሌብ፦ የእናቴ ነው።

ሳቬሊ፦ [ክፉ ዓይን እንዳያገኘው በግራ ትከሻው በኩል ሦስቴ እንትፍ ይላል] በል ሂድ፣ አንተ ሱፍ በላ። ሰውየው ሞተሩ ይቀዘቅዝብኛል ብሏል።

[ግሌብ ሊናገር አፉን ይከፍትና፣ ትዝ ሲለው ይዘጋዋል። የራሱን ጓንት ያነሣል። የሳቬሊን ጓንት ከዳር ወስዶ የማሞቂያው መሐል ላይ አስተካክሎ ያሰጣል። ከዚያ የትራሱ ጫፍ ብቅ ያለበትን ሻንጣ አንጠልጥሎ፣ ዞር ሳይል፣ ደህና ሁኑ ሳይል ይወጣል።]