በጥርሴ ሰበብ ወደ ቁንዝላ

ጀግና ነኝ ብሎ የሚፎክር ሰው ሲያጋጥማችሁ አትከራከሩት፤ ጥርሱን ታሞ ያውቅ እንደሆነ ብቻ ጠይቁት! ጥርሱን ያልታመመ ሁሉ ጀግና ነው። እኔም እስከዚያች የደርግ ዘመን ቅዳሜ ድረስ ጀግና ነበርሁ...

ያኔ ባሕር ዳር የፋብሪካ ጸሐፊ ነበርሁ፤ ቤቴ ዓባይ ማዶ። መንጋጋ ጥርሴ ሦስት ቀን አላስቀምጥ አላስተኛ ስላለኝ ቅዳሜ ጠዋት ተነቀለ። መነቀሉስ ደግ! ጥርሱ ሲሄድ ሕመሙን ለድዴ አውርሶት ሄደ እንጂ። ጉንጬ ከማበጡ የተነሣ ሚስቴ እናትነሽ «በዚህ በኩል ስትታይ ሀብታም ትመስላለህ» አለችኝ።

እየጎተተች የሰፈራችን ድሬሰር፣ የጤና ረዳቱ አቶ ታከለ ዘንድ ወሰደችኝ። ዕድሜ ጠገብ ሰው ናቸው፤ ነጫጭ ኪኒኖች በወረቀት ጠቅልለው ሰጡኝ።

«ስማ ልጄ፤ ይህ ሁለት መድኃኒት በአንድ ኪኒን ነው። አንዱ ፓራሲታሞል፣ ሌላው ኮዴይን የሚሉት የሞርፊን ዘመድ። ለየብቻ ያልቻሉትን ሕመም ተጋግዘው ይጥሉታል።»

«እንደ ኅብረት ሥራ ማኅበር በሉኛ!»

«ቀልዱን ተው! እንቅልፍ ያመጣል፣ ሆድም ያደርቃል። በየስድስት ሰዓቱ አንድ ብቻ! ሌላ የራስ ምታት ኪኒን እንዳትደርብበት፤ ፓራሲታሞሉ ውስጡ አለ።»

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር አይደል የሚባለው? አንዷን ዋጥሁ፤ ብዙም ሳይቆይ ሕመሙ ጓዙን ጠቅልሎ ሄደ። እሑድ ከምሳ በኋላ ግን የቀበሌ ስብሰባ ነበር። እዚያ ተቀምጬ ቢነሣብኝስ ብዬ ሁለት አንድ ላይ ዋጥ!

«አንድ ነው ያሉህ!» ብላ እናትነሽ ጮኸች።

«አንዱ እንዲህ ካደረገኝ ሁለቱ መልአክ ያደርጉኛል» አልኋት።

የስብሰባው ጉዳይ መሠረተ ትምህርት ነበር፤ ከጣና ማዶ ካለችው ቁንዝላ ሄዶ የሚያስተምር ሰው ይፈለጋል። ሊቀመንበሩ ሲናገሩ ድምፃቸው እየራቀ፣ እየራቀ... ወይ ጣፋጭ እንቅልፍ! አንገቴ ቁልቁል ይወድቃል፤ ደንግጬ ቀና አደርገዋለሁ፤ ደግሞ ይወድቃል። እስቲ ፍረዱኝ፤ ይህን ከሩቅ የሚያይ ሰው ምን ይለዋል? እሺታ!

«ጓድ ስንሻው ይሄዳሉ?» አሉ ወደ እኔ ዞረው። ወደቀ፣ ቀና።

«በፈቃደኝነት?» ወደቀ፣ ቀና።

«ሦስት ወር ሙሉ?» ይኼኛውስ ደረቴን ነካ!

የቀሰቀሰኝ ጭብጨባ ነው። ሰው ሁሉ ሲያጨበጭብ እኔም ብድግ ብዬ ከሁሉ አብልጬ አጨበጨብሁ። ከዚያ አጠገቤ ያለውን ጎረቤቴን በሹክሹክታ «ለማን ነው?» አልሁት።

«ለአንተ ነዋ! ቁንዝላ ልትሄድ!»

ምን ልበል? አንቀላፍቼ ነበር ብል ፀረ አብዮት፤ ተስማምቻለሁ ብል ቁንዝላ! ቁንዝላ ይሻላል ብዬ ተቀመጥሁ። የደጋ ልጅ ነኝ፤ ባሕር ዳር እየኖርሁም ውሃ የማውቀው በእንስራ ነው። በሦስተኛው ቀን ጣናን በጀልባ ስሻገር ያላማተብሁበት ማዕበል፣ ያልተሳልሁለት ገዳም የለም። በዚያ ላይ አቶ ታከለ ያሉት አልቀረም፤ ሆዴ እንደ መጋዘን ተቆልፎ ነበር!

ቁንዝላ ያሳረፉኝ እማሆይ ጥሩወርቅ የሚባሉ መነኩሴ ጉዴን ሰምተው ተልባ በጠበጡልኝ። ተልባው ቁልፉን ከፈተው። እኔም በፈንታዬ ፊደል አስቆጥራቸው ጀመር። ስድሳ ዓመት አልፏቸዋል፤ እርሳሱን እንደ ዘነዘና ጨብጠው፣ ላብ በላብ ሆነው ይታገላሉ። በሁለተኛው ወር አንድ ቀን ስማቸውን ጻፉ። አዩት። ደግመው አዩት። በጣታቸው ዳሰሱት። እንባቸው ወረቀቱ ላይ ዱብ አለ... የእኔም፣ ምን እደብቃችኋለሁ!

«ልጄ፣ አንተን እኮ የላከልኝ እግዜር ነው!» አሉኝ።

«አሜን፣ እማሆይ» አልኋቸው።

ምን ልበላቸው? የላከኝንማ አውቀዋለሁ፤ ነጭ ነው፣ ክብ ነው፣ በውሃ ይዋጣል።