ጥፋቷን የፈለገችው ልጅ

ኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ «ስህተቱ የእኔ ነው» የሚል ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አንዲት አይቻለሁ፤ ቡታጅራ፣ የበርበሬ ነጋዴዎች ማኅበራችን ውስጥ። የገበያ መደብ ዕጣ ሊወጣ ሲል ስሜ በኮምፒውተር ቢፈለግ የስም መፈለጊያው ገጽ ባዶ ሆነ።

«ኮምፒውተሩ የለህም ብሏል» አለኝ ሊቀመንበሩ። ኮምፒውተር ካለ መቼስ አልተወለድኩም ማለት ነው!

ገጹን የሠራችው ዘይነባ ግን «አብሽሩ ጋሼ፣ ኮምፒውተሩን የጠየቅሁት እኔ ነኝ» ብላ መዝገቡን ከፈተች። ስሜ አለ። ለኮምፒውተሩ የጻፈችውን ትእዛዝም መስመር በመስመር አነበበች።

«ወላሂ ጥፋቱ የኔ ነው! ሰው መኖሩን ለማየት ከተገኙት ስሞች የመጀመሪያውን አወጣለሁ፤ የማሳየው ግን ከሁለተኛው ጀምሬ ነው። በእርስዎ ስም ያለው ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ነው።»

«ዝም በይ፣ ታዋርጂናለሽ» አላት ሊቀመንበሩ። እሷ ዕጣውን አስቁማ ጥፋቷን ለሁሉም ተናገረች፤ ስሜም ዕጣው ውስጥ ገባ።

ዕጣው ለሌላ ሰው ወጣ። ከስብሰባ ሳልናደድ ቤቴ የገባሁት ግን ያን ቀን ብቻ ነው።