የሐጂ ከድሮን ቀኝ እጅ በተመለከተ የተደረገ አስቸኳይ ስብሰባ

ዕለት፦ ሐሙስ ጥር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.
ቦታ፦ ቡታጅራ፣ የተሃድሶ ሕክምና ማዕከሉ የስብሰባ ክፍል
የተጠራበት ሰዓት፦ ጠዋት 3፡00፤ የተጀመረበት ሰዓት፦ 3፡50

የተገኙ አባላት
1. አቶ ሸዋንግዛው፣ የማዕከሉ ሥራ አስኪያጅ፣ ሰብሳቢ
2. ሲስተር ሳሌሃ፣ የነርሶች ኃላፊ
3. አቶ ምስጋና፣ የንብረት ክፍል ኃላፊ
4. ናዝራዊት፣ ከካርድ ክፍል፣ ጸሐፊ (የቀድሞው ጸሐፊ ወደ ጉንችሬ ስለተዛወሩና የእጅ ጽሑፏ ይነበባል ስለተባለ)

ያልተገኘ አባል፦ አቶ ኢዮብ፣ ፊዚዮቴራፒስት። ከወልቂጤ የሚመጣው ማክሰኞ ማክሰኞ ብቻ ነው። ስብሰባው ሐሙስ እንዲሆን የተወሰነውም እሱ በሌለበት ነው።

ተጠርተው የቀረቡ፦ ዘይባ፣ ረዳት ነርስ፤ አቶ ሰይዶ፣ የእንሴኖ ነጋዴ፣ የሕመምተኛው የሐጂ ከድሮ የበኩር ልጅ።

ከአምስት አባላት አራቱ በመገኘታቸው ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል። ጸሐፊዋ ድምፅ ትሰጥ እንደሆነ ባለፈው ዓመት ለበላይ አካል በደብዳቤ ተጠይቆ መልስ ስላልመጣ፣ ለምልዓተ ጉባኤ ስትቆጠር ለድምፅ ግን አትቆጠርም።

ስለ ጉዳዩ አጭር መግለጫ

ሐጂ ከድሮ የሰባ አንድ ዓመት ገበሬ ናቸው። ከሦስት ወር በፊት ስትሮክ ቀኝ ጎናቸውን ይዟቸው ወደ ማዕከሉ መጥተዋል። አቶ ኢዮብ መርምሮ፣ እጃቸው ሊመለስ እንደሚችል፣ በየቀኑ ራሳቸው ካልሠሩበት ግን እንዲሁ እንደሚቀር ጽፎ፣ የየቀኑን ልምምድ ለረዳት ነርስ ዘይባ ሰጥቷል። በዚህም መሠረት ዘይባ ሐጂን አታጎርስም፣ አታለብስም፣ አታጥብም፤ አጠገባቸው ቆማ እሳቸው እስኪያደርጉት ትጠብቃለች። የተከሰሰችውም በዚሁ ነው።

አጀንዳ 1፦ ስለ ወንበሩ

አቶ ምስጋና፣ የስብሰባ ክፍሉ ብቸኛ መደገፊያ ያለው ወንበር ያለ ፈቃድ ወደ ሕሙማን ክፍል መወሰዱን አመለከቱ። ዘይባ ስትጠየቅ፣ ሕሙማን መቀመጥና መነሣት የሚለማመዱት መደገፊያውን ይዘው እንደሆነ አስረዳች። ሰብሳቢው፣ እሳቸውም ቢሆኑ ከስብሰባ የሚነሡት መደገፊያውን ይዘው እንደሆነ ገለጹ። ከረጅም ውይይት በኋላ ወንበሩ በአስቸኳይ እንዲመለስ፣ ሕሙማን ደግሞ ወንበር እስኪገዛ ድረስ መነሣትን ብቻ እንዲለማመዱ ተወሰነ። ወንበሩ ወዲያው መጣ። ሰብሳቢው ተቀመጡበት።

አጀንዳ 2፦ ስለ ማንኪያው

አቶ ምስጋና ቀጥለው አንድ የሾርባ ማንኪያ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። እጀታው በፋሻ ተጠቅልሎ ወፍሯል። ፋሻ ለቁስል እንደሚወጣ፣ ማንኪያው የት ላይ ቆስሎ እንደሆነ በጽሑፍ እንዲገለጽላቸው ጠየቁ። ዘይባ፣ የሐጂ ጣቶች ቀጭን ነገር ጨብጠው መያዝ ስለማይችሉ እጀታውን እንዳወፈረችው፣ ባለፈው ሳምንት በዚህ ማንኪያ አምስት ጊዜ እንደጎረሱ፣ በዚህ ሳምንት ሰሃኑን ሙሉ እንደበሉ ተናገረች። አቶ ምስጋና ለሐጂ መብላት ደስታቸውን ገልጸው፣ ይህ ግን የፋሻውን ወጪ አያወራርድም አሉ። ማንኪያው በግምጃ ቤት ተቆልፎ እንዲቀመጥ፣ ሕመምተኛው ሲርባቸው በሞዴል ቅጽ እየተጠየቀ እንዲወጣ ተወሰነ።

እዚህ ላይ ሻይ መጣ። ፔርሙሱ ከሰብሳቢው ክንድ አጠገብ የነበረ ቢሆንም፣ የሚቀዳ ሰው እስኪገኝ ስብሰባው ለአሥራ ሁለት ደቂቃ ተቋርጧል።

አጀንዳ 3፦ በሐጂ ከድሮ ስም ስለቀረበው አቤቱታ

ሰብሳቢው አቤቱታውን አነበቡ። ሐጂ ከድሮ፣ ረዳት ነርስ ዘይባ ሥራዋን ትታ ቆማ እንደምታያቸው፣ በዚህም ክብራቸው እንደተነካ ገልጸው ሌላ ሰው እንዲመደብላቸው ይጠይቃሉ።

አቶ ሰይዶ እንዲያብራሩ ዕድል ተሰጣቸው። አባታቸው ሰባት ልጆች እንዳሏቸው፣ በአገሩ ልማድ ታናሽ ታላቁን እንደሚያስታጥብ፣ ሐጂ ግን በጠያቂ ፊት ኩስኩስት በገዛ እጃቸው ለማንሣት ሲታገሉ፣ ውሃውም ግማሹ ልብሳቸው ላይ ሲፈስ መታየታቸውን ተናገሩ። እንሴኖ ላይ ልጆቹ ጥለዋቸዋል ተብሎ መወራቱንም አከሉ። በተጨማሪም ሃያ ሦስት ዘመዶች ሐጂን ለማጉረስ ተራ አውጥተው እንደነበር፣ ማክሰኞ ተራዋ የደረሰው ምራታቸው ሰልሚያ በመጀመሪያው ሚኒባስ ገንፎ ይዛ ብትመጣ ሐጂ ራሳቸው በልተው እንደጠበቋት፣ እሷም ተራዬን ተቀማሁ ብላ ገንፎውን እንዳለ ይዛ እንደተመለሰችና እስከ ዛሬ ከቤተሰቡ ጋር እንደማትነጋገር አስረዱ። ጸሐፊዋ እንደታዘበችው፣ አቶ ሰይዶ ክፉ ሰው አይደሉም፤ አባታቸውን ይወዳሉ።

ሰብሳቢው፣ ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው፣ ሃያ ሦስት አጉራሽ ያለው ሕመምተኛ በማዕከሉ ታሪክ ታይቶ አይታወቅም አሉ። ሲስተር ሳሌሃ፣ መድኃኒትም ሲበዛ ይገድላል ብለው መለሱ። ሲያስረዱም፣ ሐጂ አንድ ቀን በሃያ ሦስቱ እጅ ቢጎርሱ ሃያ ሦስት ሰው ደስ ይለዋል፣ የማይንቀሳቀሰው ግን አንድ እጅ ነው አሉ። ሰብሳቢው ይህ አስተያየት በቃለ ጉባኤው እንዳይያዝ አዘዙ። ጸሐፊዋ የሰማችው ከያዘችው በኋላ ነው።

ከረጅም ውይይት በኋላ የሚከተለው ተወሰነ፦ የማጉረሻው ተራ በሠንጠረዥ ተዘጋጅቶ፣ ማኅተም ተደርጎበት በአልጋው ራስጌ ይለጠፍ። ሐጂ ቀኝ እጃቸውን ማንቀሳቀስ ከፈለጉ ከምግብ ሰዓት ውጪ፣ ጠያቂ በሌለበት ያንቀሳቅሱ። ሲስተር ሳሌሃ፣ ጠያቂ የሌለበት ሰዓት እንዲነገራቸው ጠየቁ። አቶ ሰይዶ አስበው፣ እንደማይገኝ አረጋገጡ። ውሳኔው ባለበት ጸና።

አጀንዳ 4፦ ስለ ረዳት ነርስ ዘይባ

ሰብሳቢው የሥራ መዘርዝሩን አንብበው፣ ረዳት ነርስ ታጥባለች፣ ትመግባለች፣ ታለብሳለች የሚል እንጂ ቆማ ታያለች የሚል እንዳላገኙ ገለጹ። ዘይባ መልስ እንዳላት ተጠይቃ የሚከተለውን ተናግራለች፤ ቃል በቃል ተይዟል።

«የሸሚዛቸውን ቁልፍ እኔ ብቆልፍላቸው ግማሽ ደቂቃ ነው። እሳቸው ሲቆልፉ ሃያ ደቂቃ ይፈጃል። እጄን አጣጥፌ ሃያ ደቂቃ የምቆመው እኔ ነኝ። ማጠቡ ይቀለኛል። እኔ ካጠብኳቸው ግን ሲሞቱም ሰው እያጠባቸው ነው።»

አቶ ሰይዶ ስለ ሞት የተነሣው ይታረም አሉ። ሲስተር ሳሌሃ፣ ኢዮብ የሚመጣው በሳምንት አንድ ቀን መሆኑን፣ ዘይባ ከተነሣች በቀሩት ስድስት ቀናት ልምምዱን የሚያሠራ እንደሌለና እጁ እንደሚደርቅ አስጠነቀቁ። ሰብሳቢው፣ እጁ ቢደርቅ በሌላ አጀንዳ እንደሚታይ ገለጹ።

በሁለት ድጋፍና በአንድ ተቃውሞ ዘይባ ከነገ ጀምሮ ወደ ልብስ ማጠቢያ ክፍል እንድትዛወር ተወሰነ። ዘይባ «እሺ» ብላለች።

ያልተያዘ አጀንዳ

ከቀኑ 5፡55 ላይ ሐጂ ከድሮ አራት እግር ባለው የብረት መደገፊያ እየታገዙ ወደ ስብሰባው ገቡ። የሸሚዛቸው ቁልፎች በሙሉ ተቆልፈዋል፣ አንዱ ግን የሌላው ቀዳዳ ውስጥ ነበር። አቶ ምስጋና ነፋስ እንዳይመታቸው በሩን ዘጉ። ሐጂ «አሰላሙ ዐለይኩም» አሉ። የሁሉም መልስ አንድ ላይ ወጣ። አቶ ሰይዶ ቁልፉን ሊያስተካክሉላቸው ቢነሡ፣ ሐጂ ትከሻቸውን አዙረው ከለከሏቸው። ወንበር ቢቀርብላቸው፣ ለመነሣት ጊዜ ስለሚወስድባቸው ቆመው እንደሚናገሩ ገለጹ።

በእሳቸው ስም ተጻፈ የተባለውን ወረቀት ለማየት ጠየቁ። ተሰጣቸው። ግርጌው ላይ የአውራ ጣት አሻራ አለ።

ሐጂ፦ «ይህን ጣት ማን አነሣው?»

አቶ ሰይዶ፦ «እኔ ነኝ፣ አባ። ተኝተው ነበር። እንዳልቀሰቅስዎ ብዬ ነው።»

ሐጂ ለልጃቸው አልተቆጡም። ሦስት ወር ሙሉ ልጆቻቸው እያጠቡ ውዱእ እያስደረጓቸው እንደሰገዱ፣ አላህም ምንዳቸውን እንደሚከፍላቸው ተናገሩ። ከዚያ፦ «ትናንት ለዙህር ሶላት ፊቴን በራሴ እጅ ታጠብኩ። ውሃው ፈሰሰ፣ ልብሴ ራሰ። ይቺ ልጅ ቆማ አየችኝ። ከታመምኩ ወዲህ እንደ ሰው ያየችኝ እሷ ናት።»

የአሻራ ቀለም እንዲመጣላቸው ጠየቁ። ሰብሳቢው ቀለሙን አቅርበው እጃቸውን ሊይዙላቸው ሲሉ፣ ዘይባ ከተቀመጠችበት ሳትነሣ «አይያዙላቸው» አለች። ረዳት ነርስ ሥራ አስኪያጅን ስታዝ በዚህ ማዕከል የመጀመሪያው ሲሆን፣ ታዘዋታል።

እጁ ከመደገፊያው ተነሥቶ ቀለሙ ላይ እስኪደርስ አራት ደቂቃ ፈጀ። የመጀመሪያው አሻራ የሰብሳቢው የአጀንዳ ደብተር ላይ ዐረፈ። ሁለተኛው አቤቱታው ላይ፣ ከልጁ አሻራ አጠገብ ዐረፈ፤ ሲስተር ሳሌሃም በላዩ «አቤቱታዬን አንሥቻለሁ» ብለው ጻፉበት። ጸሐፊዋ በዚህ ጊዜ አልቅሳለች። ይመዝገብ ያለ የለም፣ ግን ሆኗል።

የመጨረሻ ውሳኔ

ሰብሳቢው፣ አቤቱታው በባለቤቱ ስለተነሣ በእሱ ላይ የቆመው ሁሉ እንደሚወድቅ ገልጸው ድምፅ ጠየቁ። በዛሬው ዕለት ስለ ወንበሩ፣ ስለ ማንኪያው፣ ስለ ማጉረሻው ተራና ስለ ዘይባ ዝውውር የተላለፉት ውሳኔዎች በሙሉ ከተላለፉበት ደቂቃ ጀምሮ እንዳልተላለፉ እንዲቆጠሩ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። አቶ ምስጋና ፋሻውን በተመለከተ ልዩነታቸውን አስመዝግበው እጃቸውን አውጥተዋል። ጸሐፊዋም እጇን አውጥታለች፤ አልተቆጠረም።

ሐጂ አመስግነው ለመውጣት ወደ በሩ ዞሩ። በሩ ተዘግቷል። አቶ ሰይዶ ሊከፍቱላቸው ብድግ ካሉ በኋላ ዘይባን አይተው፣ ተመልሰው ተቀምጠው ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። ሐጂ መያዣውን አግኝተው፣ አዙረው፣ በሩን ከፍተው እስኪወጡ ሰባት ደቂቃ ፈጅቷል። ማንም ከመቀመጫው አልተነሣም።

ስብሰባው ከቀኑ 6፡21 ላይ ተጠናቀቀ።