ዱባን ነጠላ ያለበሱት ሰው

በየገበያው አንድ አቅጣጫ ጠቋሚ አይጠፋም። ሳይጠየቅ ይመራል፤ ሲጠየቅ ደግሞ «አላውቅም» የሚል ቃል ከአፉ አይወጣም። እንዲህ ያለ ሰው ትሑት ሆኖ አያውቅም። የሚያበሽቀው ግን አብዛኛውን ጊዜ አለመሳሳቱ ነው።

የሸማ ተራው ክቡር አቶ እንድሪስ፣ የአራቱ ማዕዘናት አዛዥ፣ ከዚህ ወገን ነበሩ። ከወሎ መጥተው ጋቢና ነጠላ መሸጥ ከጀመሩ ሠላሳ ዓመት ያለፋቸው ሲሆን፣ ዓለም በሙሉ የምትለካው ከእሳቸው ደጃፍ ነበር። «ከእኔ ሱቅ ተነሣና» ሳይሉ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይን እንኳ አያሳዩም። አንድ ባላገር ተክለ ሃይማኖት ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ቆሞ ቤተ ክርስቲያኑ የት እንደሆነ ቢጠይቃቸው፣ «መጀመሪያ ወደ እኔ ሱቅ ተመለስ» አሉት እየተባለ ይወራል።

መምህር ጣሰው ከዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በጂኦግራፊ የተመረቀ፣ ስሕተትን እንደ ኃጢአት የሚጸየፍ ወጣት ነበር። በሃምሳ ስድስት ዓመተ ምሕረት፣ ጥምቀት ሲቃረብ፣ ለእናቱ ነጠላ ሊገዛ ወደ ሱቁ ገባ። ሽማግሌው እንደ ልማዳቸው አንዱን መንገደኛ «ከእኔ ሱቅ ተነሣና» እያሉ ሲመሩት ሰምቶ መታገሥ አቃተው።

«ጋሼ እንድሪስ፣ ቦታ የሚታወቀው በሱቅ አይደለም፤ በኬክሮስና በኬንትሮስ ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን ዘጠኝ ዲግሪ፣ ወደ ምሥራቅ ሠላሳ ስምንት ዲግሪ ከአርባ አምስት ደቂቃ ላይ ናት።»

«ምሥራቅ ከማን?»

«እንግሊዝ አገር ካለች፣ ግሪንዊች ከምትባል ቦታ።»

«እሷ ደግሞ ምን ትሸጣለች?»

ፊት ለፊት ጥጥ የሚሸጡት እትዬ ሙሉብርሃን በሳቅ ፈነዱ። የመምህሩ ጆሮ ቀላ።

«ምድር እኮ ሉል ናት! እንደ ብርቱካን ድቡልቡል!»

ጋሼ እንድሪስ ነጠላውን አራግፈው ክንዳቸው ላይ ጣሉት። «ልጄ፣ እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት ጨርቅ ስዘረጋ ነው። ዝርግ ነገር ድቡልቡል ላይ ሳይጨማደድ አይነጠፍም። ምድር ድቡልቡል ከሆነች፣ ትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ የሰቀላችሁት ካርታ ለምን አልተጨማደደም?»

መምህር ጣሰው ወደ ጥጥ ሻጯ ዞሮ ሳቀ። «እትዬ ሙሉብርሃን፣ አላዋቂ ሳሚ ምን ይለቀልቃል ነበር የሚባለው?»

መልሱ ንፍጥ መሆኑን የማያውቅ ገበያተኛ አልነበረም። ሸማ ተራ በሙሉ ሳቀ፤ በዚህ ጊዜ ግን በሽማግሌው ላይ።

ጋሼ እንድሪስ ነጠላውን አጥፈው ሰጡት፤ ዋጋ እንኳ አልተከራከሩም። ከዚያን ቀን ወዲያ መንገድ የጠየቃቸውን ሁሉ «መምህሩን ጠይቁ» እያሉ ይመልሱት ጀመር።

በሰኔ ወር መምህር ጣሰው የፈተና ወረቀት ሲያርም ራሱ ካወጣው ጥያቄ ላይ ደረሰ፤ «ዝርግ ካርታ የአገሮችን ስፋት ለምን ያዛባል?» ይላል። ሽማግሌው ስለ ምድር ተሳስተው ነበር፤ ስለ ካርታ ግን ኮሌጅ ያስተማረው ፕሮፌሰር አንድ ወር ሙሉ የደከመበትን ትምህርት በአንድ ነጠላ ጨርሰውታል። ከተማሪዎቹ መካከል ያን ጥያቄ ከራሱ አመንጭቶ የጠየቀው አንድም አልነበረም።

ቅዳሜ ጠዋት ይቅርታ ሊጠይቅ ሄደ። ሱቁ ውስጥ የተቀመጠችው ልጃቸው ጠሂራ ነበረች።

«አባባ የሉም፤ በግንቦት ወደ አኼራ ሄዱ» አለችው። ከዚያም ትክ ብላ አየችው። «እርስዎ መምህሩ ነዎት እንዴ?»

«ነኝ።»

«ያን ሰሞን ትልቅ ዱባ ገዝተው ነጠላ ሲያለብሱት፣ ሲያወልቁት ከረሙ። ሰው ሁሉ ጃጁ ብሎ ሳቀባቸው። በኋላ ‹ልጁ ልክ ነው፤ ክብ ናት፤ መርከብ እኮ ከባሕሩ ጫፍ ወድቆ አያውቅም› አሉ። ‹ካርታውን ግን ሳይጨማደድ እንዴት እንዳነጠፉት ይንገረኝ፤ ሲመጣ እጠይቀዋለሁ› ይሉ ነበር። ኮትና ከረባት ያደረገ ሰው ባለፈ ቁጥር እርስዎ እየመሰሏቸው ቀና ይሉ ነበር።»

መምህር ጣሰው ተሰናብቷት ወጣ። ሸክም ያዘለች ሴት ደጃፉ ላይ አስቆመችው።

«ወንድሜ፣ በርበሬ ተራ በየት በኩል ነው?»

«ከጋሼ እንድሪስ ሱቅ ተነሺና…» ብሎ ጀመረ።

የቀረውን አያውቀውም ነበር።